ዜማ እግሩን ያጣበት ሽፋን

እኛ ተማሪዎች የምናዘጋጀው የሙዚቃ መጽሔት የመጀመሪያ እትም የሙከራ ሽፋን ከአልጋዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ክራር የሚጫወት ጓደኛችን ክራሩን አቅፎ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል፤ ከበላዩ የመጽሔታችን ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ዜማ»። መጻፉንስ ተጽፏል፤ በትክክል ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። እዚህ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ጭማቂ ቤት ውስጥ ያሳየናቸው ሁሉ «ዘመ ማለት ምንድን ነው?» እያሉ ጠየቁን።

የገጽ ቅንብሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከውጭ አገር የሙዚቃ መጽሔቶች የቀዳሁት አንድ ልማድ ነበር፦ የባለታሪኩ ራስ የመጽሔቱን ስም በከፊል ይሸፍናል። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ አንባቢው የቀረበ ይመስላል። እንደ ሮሊንግ ስቶን ያለ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚታተም መጽሔት ሁለት ሦስት ፊደል ቢሸፈንበትም የሚሳሳት አይኖርም፤ ስሙ ታውቋል። ጉዳዩ ግን የመታወቅ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የላቲን ጽሑፍ የታችኛው ግማሽ በወረቀት ቢሸፈን አብዛኛው ይነበባል። የእኛ ፊደል ድምፁን ብዙ ጊዜ የሚናገረው በእግሩ ነው። ዘ፣ ዚ እና ዜ ከወገባቸው በላይ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት እግራቸው ሥር ባለችው ጭረት ወይም ቀለበት ነው። መ፣ ሚ፣ ማ እና ሜም እንደዚያው። የጓደኛችን ፀጉር የሸፈነው ልክ እግራቸውን ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ከውጭ የወሰድኩትን ልማድ ሁሉ እያነሣሁ መጠየቅ ጀመርኩ፦ ይህ የተደረገው ለሙዚቃ መጽሔት ስለሚስማማ ነው ወይስ ለላቲን ፊደል ስለሚስማማ?

በጣም ያስቸገረን አምድ ነው። የሙዚቃ መጽሔት ቃለ ምልልስ በሦስት አምድ ሲሆን ያምራል ብለን ጀመርን። የኤ4 ወረቀት ስፋት 210 ሚሊሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ 15 ሚሊሜትር ኅዳግ ትተን፣ በአምዶቹ መካከልም 5 ሚሊሜትር ስንተው ለአንዱ አምድ የደረሰው 57 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። በዚህ ስፋት ውስጥ በ10 ነጥብ የፊደል መጠን የሚገባው ሦስት ወይም አራት የአማርኛ ቃል ነው። የእኛ ግሥ ደግሞ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውንና ጊዜውን አንድ ላይ ተሸክሞ የሚጓዝ ነው። «እንዳላስተዋወቋቸው» የሚለውን የመሰለ ቃል መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ አይገባም፤ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ኮምፒውተሩን ስላዘዝነው በቀሩት ሁለት ቃላት መካከል ነጭ ጉድጓድ ይከፈታል። ገጹን ከሩቅ ስናየው ብል የበላው ጨርቅ ይመስል ነበር።

መፍትሔውን የጠቆመኝ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ዲያቆን ነው፤ ብራና ሲነበብም ሲጻፍም አይቷል። «የብራና ጸሐፊ እኮ በዚህ አይቸገርም» አለኝ። «መስመሩ ሲሞላ በደረሰበት ፊደል ላይ ያቆማል፤ የቀረውን የቃሉን ክፍል ከታች ይቀጥላል። ቃሉ የት እንዳለቀ ሁለት ነጥቡ ይነግርሃል።» ይህን ስሰማ ምን እንዳጣን ገባኝ። በቃላት መካከል ፡ የነበረበትን ቦታ ባዶ አደረግነው፤ ያን ጊዜ ቃልን የትም የመቁረጥ ነፃነታችንም አብሮ ሄደ። ፈረንጆቹ በምትኩ ቃል መቁረጫ ሰረዝ አላቸው። እኛ አንዱን ትተን ሌላውን ሳንይዝ ቀረን።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የምናወጣውን ገጽ በዚያ አሮጌ መንገድ አቀናበርነው፦ በሁለት አምድ፣ በሁለት ነጥብ፣ መስመሩ በደረሰበት ፊደል ላይ እየተቆረጠ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች የሚያስረዳ ጽሑፍ ስለሆነ ልብሱ ተስማማው። አንድም ነጭ ጉድጓድ የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ጥሩ ሽመና የተጠጋጋ ነው። እስካሁን ከሠራኋቸው ገጾች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሆኖም ሙሉውን መጽሔት እንዲህ ማድረግ አልቻልንም፤ ለሙከራ ያስነበብናቸው ተማሪዎች በየመስመሩ መጨረሻ ይደናቀፉ ነበር። ሌሎቹ ገጾች በሁለት አምድ፣ ግራው እኩል፣ ቀኙ እንደፈለገው ሆነው ቀሩ።

ከዚያው ከያሬድ ገጽ ሌላም ነገር ተዋስን። በዜማ መጻሕፍት ውስጥ ምልክቶቹ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉት ከቃሉ በላይ ነው። እኛም የትዝታን ቅኝት በምናስተምርበት ገጽ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ የሚሉትን የድምፅ ስሞች ከግጥሙ በላይ አነስ አድርገን ጻፍናቸው። አንባቢው ሰንጠረዥና ግጥም እያመሳከረ ዓይኑን አያደክምም፤ ክራሩን ይዞ እያነበበ መከተል ይችላል።

ካፒታል ፊደል የሌለን መሆኑም አሳስቦን ነበር። በውጭ መጽሔቶች የሙዚቀኛው ስም በካፒታል ብቻ ተጽፎ ከሽፋኑ ይጮኻል። ለእኛ ቀይ ቀለም አለልን፤ ብራናው ላይ የቅዱሳን ስም የሚለየው በቀይ ነው። ገንዘባችን ለሽፋኑ ብቻ ስለበቃ ውስጡ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን ስሞቹ በሙሉ ቀይ ናቸው።

ባርኮድ ይኑር አይኑር በሚለው አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከርን። ግማሾቻችን «ባርኮድ ከሌለው መጽሔት አይመስልም» አሉ። የመጽሔት ባርኮድ በ977 የሚጀምር 13 አሃዝ ነው፤ በውስጡም መጽሔቱ የተመዘገበበትን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ይይዛል። እኛ ያ ቁጥር የለንም። የሌለንን ቁጥር አስመስሎ መሳል አንባቢውን መዋሸት ነው ብዬ በአቋሜ ጸናሁ። በቦታው ዋጋውን በብር፣ በግልጽ ጻፍን።

ሽፋኑ ላይ የጽሑፎቹን ርዕሶች የት እናስቀምጥ የሚለውን የፈታልን አንድ መጽሔት አዟሪ ነው። በውጭ አገር መደርደሪያ ላይ መጽሔቶች ስለሚደራረቡ ዋናውን ርዕስ በግራ በኩል ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አዟሪው ግን ክንዱ ላይ ወደ ታች ደርድሮ ነው የሚዞረው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ መንገድ ዳር ቆሜ ሳየው ከእያንዳንዱ መጽሔት የሚታየው የላይኛው ሦስት ጣት ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ስሙም ዋናው ርዕስም ወደዚያ ወጡ።

ገጾቹ 22 ሆነው ነበር። መሐሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ግን የገጹ ብዛት በአራት መካፈል አለበት፤ 24 ለመሙላት የቀሩትን ሁለት ገጾች ለሲዳምኛ ሰጠናቸው። አንዲት የክፍላችን ልጅ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጫምባላላ ስለሚሰማው ዘፈንና ጭፈራ ጻፈችልን። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ከአማርኛው ጎን በአንድ መጠን ስናስቀምጠው አንሶ ታየ። ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ከእኛዎቹ ቁመት አይደርሱም። ጽሑፏ የተጨመረ ማስታወሻ እንዳይመስል የፊደሉን መጠን በአንድ ነጥብ ከፍ አደረግነው፤ ለዓይን እኩል የሆኑት ያን ጊዜ ነው።

ማተሚያ ቤት ያጋጠመንን አሳጥሬ ልናገር፤ ሌላ ተማሪ ይጠቀምበታል። ፋይሉን እንደተሠራ ወሰድነው፤ የእነርሱ ኮምፒውተር የእኛ የፊደል ዓይነት ስላልነበረው ርዕሶቹ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኑ። የፊደሉን ዓይነት በውስጡ ያካተተ ፒዲኤፍ አድርጎ መውሰድ ይበቃ ነበር።

አሁን ሁለተኛውን እትም ይዘናል። የሽፋኑን ፎቶ ነገ ማለዳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል እናነሣለን። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ከእኛ ኋላ መጥታ የማሲንቆ ተጫዋቿ ፊት ላይ ታርፋለች። ፎቶ አንሺያችንን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከራሷ በላይ ሰፋ ያለ ሰማይ ይተውልኝ፤ የ«ዜ» ቀለበትና የ«ማ» እግር የሚያርፉት እዚያ ነው።