ደቻቱን በእግር መሻገር

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሥራ ተዛውሬ ስመጣ ቤት የተከራየሁት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነበር። የዛፍ ጥላ ያረፈባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ለገሃር በቅርብ፣ መሥሪያ ቤቴም በእግር የሚደረስ። ሦስት ወር ሲሞላኝ ከተማዋን ያወቅኋት መሰለኝ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለውን የመጋላ ሰፈር ግን ያየሁት በባጃጅ ሳልፍ ብቻ ነበር፤ ያውም በቀትር።

ስህተቴ ሰዓቱ ነበር። በድሬዳዋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫቱ ገብቶ በርጫው ይጀመራል፣ ከተማው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያርፋል። እኔ በምሳ ሰዓት እየሄድኩ የተዘጉ በሮች አይቼ እመለሳለሁ። አከራዬ አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ እናት ናቸው። «መጋላ ምንም የለውም» ስል ሰምተውኝ ተቆጡ። «ሰው በተኛበት ሰዓት ሄደህ ቤቱ ባዶ ነው ትላለህ? ቅዳሜ በማለዳ ተነሣና በእግርህ ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። ክረምት ካልሆነ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በላዩ ያቋርጣል፣ ገበያ ይዘረጋበታል። በዚህ ወገን ከዚራ፣ የባቡር ኩባንያው በመስመር የዘረጋው ሰፈር፤ በዚያ ወገን መጋላ፣ ነጋዴው እንደ ኑሮው የሠራው ጠመዝማዛ። ሁለቱንም የወለደው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደው እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ዳር በቀለች። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ ዐረብ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። የከተማዋ ስም እንኳ ባለቤቱ አንድ አይደለም። ኦሮሞው የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው ሲል፣ ሶማሌው «ዲር ጦሩን የተከለበት» ብሎ ይተርከዋል፤ ዲር የጎሳ አባት ነው። የስሙን ሁለቱንም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ሰማሁ። አንዱ ሌላውን አላቋረጠውም።

ቀፊራ ገበያ ስደርስ ቅስት ያላቸው በሮቹ ሥር ቅመም፣ ቲማቲምና ሎሚ ተዘርግቷል። ከገጠር የመጡ ሴቶች ወተትና ማገዶ ይሸጣሉ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ። አንዲት ቅመም ሻጭ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ጮኸችብኝ። የምትለው አልገባኝም፤ ነገር ግን ትክክል ነበረች። ሳልጠይቅ፣ ሰላም እንኳ ሳልል ነበር ያነሣኋት። ያን ቀን አፍሬ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን ቤት ትቼው መሄድ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። ሰባት ወር ያህል በየቅዳሜው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ ከእነዚያው ሰዎች ገዛሁ። ሎሚ ከአንዲት እናት፣ ዝንጅብል ከአንድ ሽማግሌ፣ ሻይ በወተት ከአንዲት ሶማሌ ሴት። አዲስ ቦታ ማየት ቢያምረኝም አልዞርኩም። ለምን እንደምመጣ የማያውቅ ሰው ዋጋ እንጂ ወሬ አይሰጠኝም፤ በአራተኛው ሳምንት ግን ሻይ ሻጯ የምጠጣውን ሳልናገር ቀዳችልኝ።

ቋንቋውን የጀመርኩት «ስንት ነው» በማለት ነበር፤ በኦሮምኛ «ሜቃ»፣ በሶማሊኛ «ኢሚሳ»። ይህም ስህተት ነበር። በመጋላ ዋጋ የሚጠየቀው ከሰላምታ በኋላ ነው። ኦሮሞው «ነጋ» ይላል፣ ሶማሌው «ነበድ» ይላል፣ ሁለቱም ሰላም ማለት ነው። ሻይ ሻጯንም በስሟ መጥራት ትቼ እንደ አካባቢዋ ልጆች «ኤዶ» ማለት ጀመርኩ፤ አክስት ማለት ነው። እሷም በዚያው ቀን «ልጄ» አለችኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የእሷ ጆሮ ነበር። የሚመጣውን ሰው ብሔሩን አትጠይቅም፤ ሰላምታውን ሰምታ በዚያው ቋንቋ ትመልሳለች። ከገጠር ከመጣችው ሴት ጋር ኦሮምኛ፣ ከጨርቅ ነጋዴው ጋር ሶማሊኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከዚያም ሦስታችንንም በአንድ ወሬ ታገናኘናለች። እኔ አማርኛ ብቻ ይዤ መጥቼ ሌላው እንዲከተለኝ መጠበቄን ያየሁት እሷን ሳይ ነው።

አንድ ቅዳሜ በሐምሌ ወደ ማታ ሄጄ ነበር። ፈጢራ በልቼ ለመመለስ ስነሣ ኤዶ እጄን ያዘችኝ። በላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እሷ ግን የምታየው በሐረር በኩል ያለውን ተራራ ነበር፤ ጠቁሯል። «በአሸዋው አትሂድ፣ በድልድዩ ዙር» አለች። በ1998 ዓ.ም. ከተራራው የወረደው ውኃ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እሷ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በከተማው ሰማይ አታምንም።

በድልድዩ ዞርኩ። መሐል ስደርስ ድምፁ ቀደመ፤ ቀጥሎ ጭቃ የመሰለ ውኃ ግንድና ቆርቆሮ እየገፋ መጣ። ከግራና ከቀኝ የቆመው ሰው በሦስት ቋንቋ ልጆቹን ከዳር ይጠራል። ስመጣ የረገጥኩት አሸዋ አልነበረም።