ከክንድ ርቀት የተነሣ ፊት

ሥዕሉ የታዘዘው ለአባትየው ሙት ዓመት እንዲደርስ ነበር። ልጃቸው ቀብዱን ከፍላ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። በጣም የጠራ ነው፤ የጢማቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያታለለኝም ይኸው ጥራቱ ነው።

የተማርኩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ቀለም ሳንነካ በፊት በከሰል የጄሶ ሐውልት ስንስል ከርመናል። ክንድ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ከግንባር እስከ አገጭ በእርሳስ መለካት፤ ከዚያ ሰው ከፊታችን ተቀምጦ ያንኑ መድገም። የዘይት ቀለም የመጣው በኋላ ነው፤ ስሱ ከታች፣ ዘይት የበዛበት ከላይ፣ አለበለዚያ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ለጠይም ፊት ጥላ ጥቁር ቀለም እንደማይሆን፣ ቡናማን ከደማቅ ሰማያዊ ጋር ማዋሃድ እንደሚሻል የገባኝ ግን ብዙ ሸራ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

መለካት ስለማውቅ ፎቶውን ለካሁት። ሦስት ሳምንት ሠራሁ።

እናትየው መጡ። ነጠላቸውን ሰብስበው ከሸራው ፊት ብዙ ዝም ብለው ቆሙ።

«ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን እሱ አይደለም።»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው፤ አንድም መስመር አልተሳሳትኩም አልኩ። እንዲህ በማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

«አርባ ዓመት ቡና የጠጣሁት ከፎቶ ጋር አይደለም» አሉ። «አፍንጫው እንዲህ አልነበረም። ጆሮውስ የት ሄደ?»

ትክክል ነበሩ። ስልኩ አባትየው ፊት ሥር ተደቅኖ፣ ከክንድ በማይርቅ ቦታ ነው ያነሣቸው። ካሜራ ሲቀርብ የቀረበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊት ይጠባል። ፍላሹ ደግሞ የጉንጩን ጥላ አጥፍቶታል። እኛ ሰውን የምናየው ሁለት ሜትር ያህል ርቀን ተቀምጠን ነው፤ ቤተሰብም የሚያስታውሰው ያንን ፊት ነው።

ታናሽ ወንድማቸው ቁርጥ እሳቸውን ይመስላሉ አሉኝ። ጋሼን ለምኜ መስኮት አጠገብ ሁለት ከሰዓት አስቀመጥኳቸው። እናትየው ከድሮ የመታወቂያ ፎቶ ጋር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ «እሱ ቅንድቡ እዚህ ጋ ሳሳ ይላል»፣ «ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል» እያሉ መሩኝ። አፍንጫውን በቢላዋ ፍቄ እንደገና ሠራሁ፤ ጆሮዎቹን አወጣኋቸው። ሙት ዓመቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ፎቶ ብቻ ትእዛዝ አልቀበልም። ከተለያየ ርቀት የተነሡ ቢያንስ ሦስት እጠይቃለሁ። ሰውየውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ አወራለሁ፤ የከሰሉን ንድፍ ሳላሳይም ቀለም አልጀምርም። ንድፉን ሲያዩ «እዚህ ጋ ተው» ይሉኛል፤ ከሰል በጨርቅ ይጠፋል።

ቫርኒሹን ልቀባ ቤታቸው የሄድኩት ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ከስድስት ወር በላይ ጠብቄ ነው። ሥዕሉን የሰቀሉት ከረከቦቱ ትይዩ፣ እናትየው ከሚቀመጡበት በርጩማ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ነበር።