የወጋየሁን ድምፅ ከነዝምታው

አሜሪካ ውስጥ ሌሊት ሲሠራ የሚያድር ሐበሻ ብዙ ነው። ፓርኪንግ የሚጠብቅ አለ፣ ታክሲ የሚነዳ አለ፣ አረጋውያን የሚያስታምም አለ። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ። ሌሊቱን የምንገፋበት ነገር እንደየሰዉ ይለያያል። መዝሙር የሚሰማ አለ፣ ዜና ሲከታተል የሚያነጋ አለ። የእኔና የጥቂት ጓደኞቼ ግን የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። አገሩን ሁሉ ያዳረሰው ግን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሐዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ፊደል ያልቆጠረ ስንቱ ሰው በዛብህንና ሰብለወንጌልን ያወቃቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው! ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሬዲዮኑ ራሱ የሚቆጣ ይመስላል። ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ሌላ ሰው ስቱዲዮ የገባ ነው የሚመስላችሁ። አንድ ሰው እኮ ነው፤ ማይክሮፎን ፊት ብቻውን። ወጋየሁ ገና በጎልማሳነቱ ነው የተለየን።

ዛሬ ትረካውን ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ቀላል ነው። ይህም የሆነው ተራው አድማጭ ሬዲዮኑ ሥር ካሴት አስገብቶ ስለቀዳ፣ የቀዳውንም ሳይጥል ስላቆየ ነው። ባለውለታዎቻችን ናቸው። የሚያንገበግበኝ ግን ከተለጠፉት ቅጂዎች ብዙዎቹ የደረሰባቸው ነገር ነው። አንዱ ከሥር ክላሲካል ሙዚቃ ይለቅበታል። ሌላው «ሰብስክራይብ አድርጉ» እያለ መሀል ላይ ይገባል። ከሁሉም የሚብሰው ፋይሉን ለማሳጠር ብሎ ዝምታውን የሚቆርጠው ነው። የወጋየሁ ዝምታ ባዶ ቦታ አይደለም። አንድ ነገር ሊመጣ ሲል ቆም ይላል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ ያኔ አድማጩም አብሮት ትንፋሹን ይይዛል። ያንን ቆርጣችሁ ስትጥሉ የቀረው ንባብ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኛ በአቅማችን ካሴት መሰብሰብ ጀመርን። አንዱ ጓደኛችን ዳላስ ነው ያለው፣ አንዲት እህታችን ፍራንክፈርት። ካሴቶቹ ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከደሴ በሰው ሻንጣ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የበርበሬና የሽሮ ሽታ ይዘው ነው የሚደርሱት። አንዳንዱ ካሴት ላይ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ተወትፈዋል። ቀዳዳው ካልተወተፈ ቴፑ በላዩ ላይ ስለማይቀዳ፣ ያን ስናይ ትረካው ላይ ሌላ ነገር እንደተቀዳበት እንጠረጥራለን። አንዱን ከፍተን ስንሰማ በዛብህ ንግግሩን ሳይጨርስ የሰው ሠርግ ገባበት፤ ሆታ፣ እልልታ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጭፈራ።

ሌላው ጣጣ ፍጥነት ነው። የባትሪ ድንጋዩ በደከመ ቴፕ የተቀዳ ካሴት በደህና ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል፣ የወጋየሁም ድምፅ ይቀጥናል። የሞተሩ ላስቲክ በላላበት ቴፕ ሲቀዳም ያው ነው። ዳላስ ያለው ጓደኛችን ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ አንድ ጥሩ ዘዴ አሳየን። የአገር ቤት መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካ 60። በመብራት ኃይል የተቀዳ ካሴት ከድምፁ ሥር «ዝዝዝ» የምትል ቀጭን ጉምጉምታ አለችው። ኮምፒውተሩ ላይ ያቺ ጉምጉምታ 50 ላይ መቀመጥ አለባት። 52 ላይ ከተገኘች ቅጂው ፈጥኗል ማለት ነው፤ 50 ላይ እስክትመጣ ስናዘገየው የወጋየሁም ድምፅ ወደ ቦታው ይመለሳል። 60 ላይ ሌላ ጉምጉምታ ከተሰማ ደግሞ እሱ የእኛው የአሜሪካ ቤት ሽቦ ያመጣው ነው፤ ገመዳችንን አስተካክለን እንደገና እንገለብጣለን። የሜሪላንድ መብራት ትረካው ውስጥ ምን ይሠራል?

ጉዳዩን ያከረረብን ግን የአንድ ጋሼ ካሴት ነው። ትረካው ሊጀምር ሲል ልጆች ይንጫጫሉ፣ ከዚያ አንዲት ሴት «ኧረ ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው!» ትላለች። የሲኒ ድምፅም ይሰማል። ከእኛ መሀል ገሚሱ «ይህ ይጥራ» አለ። እኔ ጋሼን ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ድምፅ እናጥፋት ወይስ ትቆይ?»

«ተው እንጂ ልጄ! እናቴ እኮ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ነበር የሚሰማው።»

ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም። ከእያንዳንዱ ካሴት መጀመሪያ አንድ ያልተነካ ቅጂ እናስቀራለን፤ ከነጫጫታው፣ ከነጉምጉምታው፣ ከነዝምታው። የምናስቀምጠው ዋቭ በሚባለው፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት ነው። አንዱ የ45 ደቂቃ ገጽ ብቻውን ወደ 450 ሜጋባይት ይሄዳል፣ ግን ዛሬ ሃርድ ዲስክ ርካሽ ነው። ለጆሮ የሚመች የጠራ ቅጂ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ለብቻው። ጠረጋ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሹም አብሮ ይጠረጋል። የሰውዬው ሥራ ያለው ትንፋሹ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም።

መብቱ የእኛ እንዳልሆነም እናውቃለን። የደራሲውና የተራኪው ቤተሰቦች አሉ፣ ጣቢያውም አለ። ስለዚህ አንሸጥም፣ ማስታወቂያም አንለጥፍበትም። ነገ ባለመብቶቹ «አምጡ» ቢሉ ሙሉውን አስረክበን ደስ ይለናል።

ቤታችሁ ካሴት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አሮጌ ቴፕ ውስጥ ዝም ብላችሁ አትክተቱት፤ ክሩን ከበላው አለቀ። መጀመሪያ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ እንቢ ካለ ተዉት። ሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ ፎቶ አንሡት፤ «ክፍል ስንት» የምትል አንዲት ቃል ብዙ ድካም ታድነናለች። ሻንጣ ውስጥ ስትከቱት ከቅቤው አርቁት። በተለይ የትረካው የመጨረሻ ክፍሎች እኛ እጅ ያሉት ክፉኛ የተጎዱ ናቸው፤ ሰብለወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤት ከወጣች በኋላ ያለውን የቀዳ ሰው ካለ ቅድሚያ የምንሰጠው ለእሱ ነው።