ያለ ትራንስክሪፕት ዩኒቨርሲቲ መግባት፦ ከጦርነት የሸሸ ተማሪ ማወቅ ያለበት

ጦርነቱ ከዩኒቨርሲቲ ሲያፈናቅለኝ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ጎረቤት አገር ተጠልዬ ሳለ፣ ትምህርቴን ውጭ አገር ለመቀጠል ምን ላድርግ ብዬ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የነገረኝ ስለ ቋንቋ ፈተናና ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ብቻ ነው። ሁለቱም ያን ያህል አላስቸገሩኝም። ያንገላታኝ ማንም ያላነሳልኝ የትራንስክሪፕት፣ ማለትም የወሰድኳቸው ኮርሶችና ውጤቶች ይፋዊ ዝርዝር፣ ጉዳይ ነው።

ስለ አማራጮቹ በአጭሩ ልበል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳፊ የሚባለውን፣ በ1992 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረውንና በተመድ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል የሚሰጠውን ዕድል ብዙ ሰው የአውሮፓ መውጫ አድርጎ ያስበዋል። ዳፊ የሚያስተምረው በተጠለላችሁበት አገር ነው። ጥሩ ዕድል ነው፤ የሚያወጣችሁ ግን አይደለም። በ2019 የተጀመረው የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች የስደተኞች ዕድል፣ ዩኒኮሬ፣ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ስለሆነ፣ እንደ እኔ የመጀመሪያውን ላቋረጠ ሰው አይሆንም። ከ1978 ጀምሮ ያለው የካናዳ የስደተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም ተማሪውን የሚያስገባው ቋሚ ነዋሪ አድርጎ ነው። እኔ ብችል የምመርጠው እሱን ነበር፤ ነገር ግን ማመልከቻ የሚቀበለው ከተወሰኑ አገሮች ብቻ ሲሆን እኔ የተጠለልኩበት ከነዚያ አልነበረም።

አማካሪዎች «የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ ተመልከቱ» ይላሉ። እኔ ግን ከደረጃው በፊት፣ ስትመረቁ በምን ወረቀት እንደምትኖሩ ጠይቁ እላለሁ። ሌላው ተማሪ ቪዛው ሲያልቅ አገሩ ይገባል። እኛስ? «ትምህርት በነፃ» የሚለውም ያዘናጋል። አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ሆኖም ከውጭ ሆኖ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ለአንድ ዓመት መኖሪያው 11,904 ዩሮ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት ዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ፣ አለበለዚያ ወጪውን የሚሸፍንለት ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ ማቅረብ አለበት።

የቋንቋ ፈተናውን በተመለከተ፣ በየመመሪያው መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። አትስሟቸው። የአይልትስም ሆነ የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ የሰነዳችሁ ጉዳይ መልክ ሳይዝ ከተፈተናችሁ ውጤቱ በእጃችሁ ላይ ያልቃል። አጥኑ፤ ለፈተናው ግን አትቸኩሉ።

ያመለከትኩት ለተፈናቃይ ተማሪዎች ቦታና የኑሮ ድጎማ ማዘጋጀቱን ባስታወቀ አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማመልከቻው ቀላል ነበር። መጨረሻው ላይ ግን አንድ መሥፈርት ሰፍሯል፤ ይፋዊ ትራንስክሪፕት፣ ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የተላከ። በጦርነት ለተፈናቀለ ተማሪ ነው እንግዲህ! የእኛ ሬጅስትራር ሕንፃ ጣሪያው ወርዷል። መዝገቡ ይቃጠል ይዘረፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሠራተኞቹም እንደ እኛው ተበትነዋል። ይህንኑ ዘርዝሬ ጻፍኩላቸው። መልሱ በትሕትና የተሞላ ነበር። በደረሰብኝ ነገር ማዘናቸውን ገልጸው፣ ፖስታው እንደደረሳቸው ማመልከቻዬን እንደሚመለከቱት አሳወቁኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ያው ደብዳቤ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ተመለሰ።

ቀጥሎ የመጣው ምክር የባሰ ነበር፦ «የአገርዎን ኤምባሲ ይጠይቁ»። ይህን የጻፈው ሰው የስደተኞች ጉዳይ ተብሎ በተሰየመ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት፣ የአገሩን ጥበቃ በፈቃዱ መልሶ የተቀበለ ሰው ስደተኛነቱ ሊቀርበት እንደሚችል ይደነግጋል። የኤምባሲን ደጅ መርገጥ ብቻውን ስደተኛነትን ያስቀራል ማለቴ አይደለም፤ ግን ከሸሸሁት መንግሥት ማኅተም ለምኜ እንድመጣ ከመምከር በፊት ሰው ትንሽ አያስብም? እዚያ የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ይኸው ስምምነት በአንቀጽ 25፣ ስደተኛ ከአገሩ ባለሥልጣን ሊያገኝ የማይችለውን ወረቀት በተመለከተ የተጠለለበት አገር እንዲተባበረው ያዛል። ስለዚህ ኤምባሲ ሂዱ ስትባሉ ይህን አንቀጽ ጠቅሳችሁ መልሱ፤ እግራችሁን ግን አታንሱ።

ደላላም አልጠፋም። ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ውጤቱ ሳይቀር በፈለግሁት ልክ እንደሚሠራልኝ ነገረኝ፤ ፖስታውንም ያሽገዋል። እውነተኛው ተማሪ ደጅ እየጠና ሐሰተኛው ወረቀት መሥፈርቱን አሟልቶ የሚያልፍበት አሠራር እስከ ዛሬ ያበግነኛል። በዚያ መንገድ የሄዱትን አልፈርድባቸውም፤ ግን አትሂዱ። ሐሰቱ ከተመረቃችሁ በኋላ ቢታወቅ እንኳ ዲግሪውም የመኖሪያ ፈቃዱም አብረው ይሄዳሉ።

መንገዱን ያሳየችኝ ከእኔ በፊት በዚሁ ጉዳይ የተንከራተተች የሕግ ተማሪ ናት። በ1997 የተፈረመው የሊዝበን የትምህርት ማስረጃ እውቅና ስምምነት አንቀጽ 7፣ ማስረጃቸውን በሰነድ ማረጋገጥ ለማይችሉ ስደተኞችና ተፈናቃዮች ፍትሐዊና ፈጣን የምዘና ሥርዓት እንዲዘረጋ አባል አገሮችን ያስገድዳል። ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ስለ ስደተኞች ማስረጃ የራሱ አንቀጽ አለው። የቅበላ ሠራተኛው ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አትጠብቁ። የሚያውቁት የውጭ ማስረጃ የሚመዝኑት ብሔራዊ ማዕከላት ናቸው፤ ኤኒክ ናሪክ በሚባል መረብ የተሳሰሩ ሲሆኑ በአውሮፓ በየአገሩ ይገኛሉ። ለማዕከሉ ጻፍኩ፤ ግልባጩን ለዩኒቨርሲቲው የቅበላ ኃላፊ አደረግሁ። የተማጽኖ ደብዳቤ አልነበረም። አንቀጹን ጠቅሼ፣ ምዘናው የት እንደሚካሄድና ምን ማቅረብ እንዳለብኝ ብቻ ጠየቅሁ። አነጋገራቸው የተቀየረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያቀረብኩት ምን ነበር? የተማሪነት መታወቂያዬን፤ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በስልኬ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች፣ በአንዱ ላይ የጓደኛዬ አውራ ጣት ግማሹን ስም ሸፍኖታል፤ ሌላ አገር የተሰደደ መምህሬ ፈርሞ የላከልኝን ምሥክርነት። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ራሴ የጻፍኩት የትምህርት ታሪክ ነው። በየመንፈቅ ዓመቱ የወሰድኩትን ኮርስ፣ የሳምንቱን ሰዓት፣ የተማርንበትን መጽሐፍ፣ የቤተ ሙከራ ሥራውንና የፈተናውን ዓይነት ዘርዝሬ፣ በቃለ መሐላ አረጋግጬ አስገባሁ። የማላስታውሰውን «አላስታውስም» ብዬ ጻፍኩ። መዛኞቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ ከሚል ሰው ይልቅ እንዲህ የሚለውን ያምናሉ። ዛሬውኑ ጻፉት፤ ዝርዝሩ ከአእምሮ የሚጠፋው ከምታስቡት በላይ ቶሎ ነው።

ከዚያ ሁለት መምህራን በቪዲዮ አነጋገሩኝ። አንዷ በሁለት ጫፉ የተደገፈ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝና፣ ጭነቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ቢሆን የሚያጎብጠው ኃይል የት እንደሚበረታ ጠየቀችኝ። «መሐሉ ላይ» አልኩ። አንዱ ድጋፍ ቢነሳና ሌላው ጫፍ ግድግዳ ውስጥ ቢቀበርስ? «ግድግዳው ጋ።» ሥዕሉን ራሴ እንድሠራ አዘዘችኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሠራሁት። ያ ሁሉ ወር በፖስታ ሲፈለግ የከረመው መልስ ከዚህ ንግግር ተገኘ።

የሁለት ዓመቱን ትምህርት ተቀበሉልኝ። የሦስተኛውን ዓመት የመጀመሪያ መንፈቅ ግን የቤተ ሙከራ ሪፖርት የለህም ብለው አስቀሩት። ተከራከርኩ፤ አልሆነም። ያንን መንፈቅ ደግሜ፣ ኮንክሪት ጥንካሬው በ28ኛው ቀን እንደሚፈተን እንደ አዲስ ተማርኩ። አሁን አውሮፓ ውስጥ ያላችሁ፣ የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 ጀምሮ የሚሰጠውን የስደተኞች የትምህርት ብቃት ፓስፖርት ጠይቁ። በመጠይቅና በቃለ መጠይቅ የሚሰጥ ሲሆን ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ቅበላን አያረጋግጥም፤ ያንኑ ታሪክ በየበሩ ከመድገም ግን ያድናል።

የቀረው ለስደተኛ በፓስፖርት ምትክ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ነው። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚያገለግለው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ሲሆን፣ ቪዛ ሰጪዎች ደግሞ የቀረውን ጊዜ ይቆጥራሉ። የቅበላ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ አመልክቱ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «ቅበላ ሳይኖርህ ምን ያደርግልሃል?» ብሎኝ ነበር። አንቀጽ 28 በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ስደተኛ ሰነዱ እንዲሰጠው ሲያዝ የቅበላ ደብዳቤ አይጠይቅም። ይህንን በጽሑፍ አስገቡና የተቀበሉበትን ማኅተም በቅጂያችሁ ላይ ሳታስመቱ ከመስኮቱ አትነሱ።