ሽጉጡን ዳባት ላይ መለስኩት

በ2007 ጥቅምት ላይ ከጎንደር ተነስቼ በእግሬ ራስ ዳሽን ልወጣ ወሰንኩ። እስከ ደባርቅ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐሳቤን ስነግራቸው አጎቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር።

«መሣሪያስ?»

አጎቴ ያደጉት ጠመንጃ ከጋቢ ጋር አብሮ ግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት ቤት ነው። ባዶ እጅ መንገድ መውጣት ለእሳቸው ራቁት እንደ መሄድ ነው። ማካሮቭ ሽጉጣቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ከነስምንት ጥይቱ 800 ግራም ያህል ይመዝናል። ፈቃዱ የእሳቸው እንጂ የኔ አልነበረም። ይህን እያወቅሁ ተቀበልኩ፤ ፈርቼ ነበር። ጥፋት ነው፤ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን በግልጽ ይከለክላል።

የመጀመሪያው ችግር የት ላስቀምጠው የሚለው ነበር። ቦርሳ ውስጥ ከሆነ በችግር ጊዜ አይደረስበትም። ወገቤ ላይ ሳደርገው ጃኬቴ በተገለጠ ቁጥር ሰው ያየዋል። ኮሶዬ ሳልደርስ ነገሩ ገባኝ። በዚያ መንገድ መንገደኛን የሚያሻግረው ሰላምታ ነው። «እንዴት ዋላችሁ» ትላለህ፤ «ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ? ወዴት ነው?» ይሉሃል። ትመልሳለህ። ከዚያ በኋላ ወሬህ ቀድሞህ ይሄዳል፤ ቀጣዩ መንደር ስትደርስ ማን እንደሆንክ ያውቃሉ። ወገቤን ያየ ሰው ግን ጥያቄውን አቁሞ ዝም ብሎ ያሳልፈኝ ነበር። ያ ዝምታ ከብዶኝ ነበር።

ማታ አንድ ቤት ደጃፍ ቆሜ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» አልኩ። አስገቡኝ፤ እግሬን አጠቡኝ፤ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ከሦስት ሕፃናት ጋር አንድ መደብ አጠገብ ተኛሁ። ሽጉጡ ትራሴ ሥር ነበር። አንዱ ልጅ በእንቅልፍ ልቡ እጁን በዘረጋ ቁጥር እነቃለሁ። አመኑኝና ቤታቸውን ሰጡኝ፤ እኔ ግን ሳልነግራቸው ሞት ይዤባቸው ገባሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን አምባ ጊዮርጊስን አልፌ ወደ ዳባት ስወርድ ሁለት ውሾች ከአንድ ግቢ ዘለው መጡብኝ። ትልልቅ ናቸው። እጄ ሳላስበው ወገቤ ላይ አረፈ። ከውሾቹ ኋላ አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ እየሮጠ ነበር። ብተኩስ ጥይቱ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ይህን ያየሁት በኋላ ሳስበው ነው፤ ያኔ የታየኝ የውሾቹ ጥርስ ብቻ ነው። ልጁ ድንጋይ አንስቶ ጮኸባቸውና መለሳቸው። ቀና ስል አባትየው ጠመንጃ አንግተው በር ላይ ቆመዋል። የሚያዩት እጄን ነው።

«እጅህን አውጣ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

አወጣሁ። አስገቡኝ። ቆሎና ጠላ ቀረበ። ከዚያ እንደ ልጃቸው ተቆጡኝ። «ውሻ ድንጋይ ይፈራል። ሽጉጥ ያየ ሰው ግን አይሸሽም፤ ይቀድምሃል።» ልክ ናቸው። ውሻቸውን ብገድል እሳቸው ይተኩሱ ነበር። እኔ ብሞት ወንድሞቼ ደም ልመልስ ይላሉ። ይህን አገር የሚያውቅ ሰው የአንድ ጥይት ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል።

ስለ ውሻ ከእሳቸው የተማርኩትን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ቤት ከመድረስህ በፊት ከሩቅ «ውሻ ያዙ!» ብለህ ተጣራ። ከመጣብህ አትሩጥ፤ ቁም፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በል። ዱላህን ከፊትህ አድርግ። አይበለውና ከነከሰህ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠብና ቀጥታ ለክትባት ሂድ። የውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አያድንም። ይህን እንኳን በሽጉጥ በምንም አትመልሰውም።

ጠዋት ልጁ የወይራ ዱላ ቆርጦ ሰጠኝ። ዳባት ስደርስ ለአጎቴ ደወልኩ። በሚኒባስ መጥተው ሽጉጣቸውን ወሰዱ። ተቀይመውኝ ነበር።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መግቢያ ከፈልኩ፤ እንደ ደንቡ ስካውት፣ ማለትም የታጠቀ አጃቢ፣ ተመደበልኝ። ክላሽ የያዘ ጎልማሳ ነው። «ታዲያ ይኸው ጠመንጃ አስፈለገ» የሚል ይኖራል። አብሬው ስድስት ቀን ሄድኩ። መሣሪያው ከትከሻው ወርዶ አያውቅም። የጠበቀን የሱ ሰው ማወቅ ነው። በየመንደሩ አበልጅ አለው፣ የሚስቱ ዘመድ አለ፣ ልቅሶ የደረሰለት ሰው አለ። ክላሹ የተመዘገበ ነው፤ የማን እንደሆነና ለምን እንደተያዘ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የኔን ሽጉጥ ግን ማንም አያውቀውም ነበር። ደግሞም ዋልያን ወደ መጥፋት ከገፉት ነገሮች አንዱ አደን ነው። እዚያ ተራራ ላይ አንድ ተጨማሪ ጠመንጃ ማንንም አይጠቅምም።

ግጭ ካምፕ አንድ አሜሪካዊ እግረኛ አገኘሁ። አገሩ ውስጥ ከጆርጂያ እስከ ሜን የሚዘልቀውን 3,500 ኪሎ ሜትር የሚያህል የአፓላችያን መንገድ የሄደ ነው። መሣሪያ ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለው ክርክር እነሱም ጋ አለ። በእነሱ አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ የግዛቱ ሕግ ከፈቀደ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሣሪያ መያዝ ይቻላል። መንገዱ ግን 14 ግዛቶችን ያቋርጣል፤ የአንዱ ፈቃድ ሌላው ጋ ላይሠራ ይችላል። እሱ ራሱ አልያዘም። «በ800 ግራም የሁለት ቀን ምሳ እይዛለሁ» አለኝ።

እኔን ሊገድለኝ የነበረው ብርዱና ከፍታው ነው። ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ያልፋል። ሌሊት ውሃችን በረዶ ሠራ። ቧሂት ተራራ ላይ ራሴን ከፈለኝ፣ አስመለሰኝ። ስካውቱ አይቶኝ ሳይከራከር ወደ ታች መለሰኝ፤ አንድ ቀን አርፌ ነው እንደገና የወጣሁት። በዚያ ቀን የሚያስፈልገኝ ወፍራም ካልሲ፣ ውሃና «እንመለስ» የሚለኝ ሰው ነበር። ጅብም በሌሊት መጣ። ምግባችንን አስገብተን፣ እሳት አንድደን፣ ሰብሰብ ብለን ተኛን። ጮኾ ጮኾ ሄደ።

ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው። ከ2015 ክረምት ግጭት ወዲህ ያንን መንገድ እንዲሁ ተነስቶ መሄድ አይቻልም። ልሂድ የሚል ሰው አስቀድሞ እዚያው ያሉትን ይጠይቅ፤ «ተው» ካሉት ይተው። መሣሪያ መያዝ ደግሞ ከያኔው የባሰ ነው። የማይታወቅ ሰው ሽጉጥ ይዞ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ወገን ነህ?» ነው። ለዚህ ጥያቄ መንገደኛ መልስ የለውም።

ስመለስ አጎቴ ጋ ገባሁ። ቅያሜያቸው አልወጣም ነበር። «ታዲያ ምን ይዘህ ወጣህ?» አሉ። ዱላውን ሰጠኋቸው። በእጃቸው መዘኑት፣ መሬት ላይ ተከሉት፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ድንጋዩ በልቶት ተሰነጣጥቋል።

«ብረት አስገጥምለት እንጂ» አሉኝ። «እንዲህ ሆኖ ደግሞ አይወጣም።»

ቅዳሜ ገበያ ወስጄ አስገጠምኩለት።