የኒቅያ ቲያትር ለምን ሰመጠ?

ኒቅያ ሲባል ሁላችንም ጆሮ ላይ የሚደውለው ሠለስቱ ምዕት ነው፤ በ325 ዓ.ም. የተሰበሰቡት 318 አባቶች። ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ከተማዋ የምታፍርበት ሌላ ነገር ነበራት፤ ሳያልቅ የሰመጠ ቲያትር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን የምናውቀው ከአገረ ገዥው ደብዳቤ ነው። በ110 ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራያኑስ፣ ፕሊኒዩስ የሚባል ሹም ወደ ጳንጦስና ቢታንያ ላከ። በጴጥሮስ መልእክት መግቢያ ላይ የምናገኛቸው አገሮች ናቸው፤ ዛሬ ሰሜን ቱርክ። ኒቅያ ያለችው ቢታንያ ውስጥ ነው። ዋና ሥራው የከተሞቹን ሒሳብ መመርመር ነበር። መሐንዲስ አልነበረም፤ ሒሳብ ግን ያውቃል፣ ዓይኑም አይተኛም። በየከተማው ያየውን ለንጉሠ ነገሥቱ ይጽፋል። ደብዳቤዎቹ ዛሬ ሲነበቡ ከአንድ ጥሩ የሳይት ሪፖርት አይለዩም።

የኒቅያው ቲያትር ከግማሽ በላይ ተሠርቶ ነበር። የወጣበት ከ10 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮማውያን ገንዘብ ነው) በላይ ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ እግረኛ ወታደር የዓመት ደመወዝ 1,200 ሴስተርስ ስለነበር፣ የስምንት ሺህ ወታደር የዓመት ደመወዝ መሬት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሕንፃው እየሰመጠ ነው፣ ትልልቅ ስንጥቅም አለበት። ፕሊኒዩስ ሁለት ምክንያት ይጠረጥራል፤ ወይ አፈሩ እርጥብና ለስላሳ ነው፣ ወይ ድንጋዩ ራሱ ደካማና የሚፈረፈር ነው። የተደረጉለት ድጋፎችም ከጥንካሬያቸው ይልቅ ዋጋቸው እንደሚበልጥ ይናገራል። ይጨረስ፣ ይተው ወይስ ይፍረስ ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የጥንት ግሪኮች ቲያትር ሲሠሩ ኮረብታ ይመርጡ ነበር። መቀመጫው ተዳፋቱ ላይ ስለሚያርፍ እያንዳንዱ ረድፍ ክብደቱን ከሥሩ ላለው መሬት ይሰጣል። የኒቅያው ግን ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። ኮረብታ ስለሌለ ኮረብታውን መገንባት ግድ ነው፤ መቀመጫውን የሚሸከሙት በግማሽ ክብ የተደረደሩ የድንጋይ ቅስቶች ናቸው። ፍርስራሾቹ ኒቅያ ውስጥ፣ ዛሬ ኢዝኒክ በምትባለው ከተማ፣ አሁንም ይታያሉ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ከመድረኩ በኩል ዝቅ ያለና ቀላል፣ ከኋላው ከፍ ያለና ከባድ ይሆናል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከባዱ ጀርባ ከቀላሉ ፊት ይበልጥ ይሰምጣል። ሕንፃ ሙሉ በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ብዙም አይጎዳም፤ የሚሰነጥቀው የመስመጥ ልዩነት ነው።

አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ የሚሠራ ሰው ይህን በዋልካ ያውቀዋል። ነገር ግን ሁለቱን በሽታዎች መለየት ይገባል። የኒቅያው ጥርጣሬ ከክብደት በታች የሚጨመቅ እርጥብ አፈር ነው። ዋልካ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይኮማተራል፤ ስለዚህ ቤቱን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይገፋዋል። ስንጥቁን አይቶ መገመት ይቻላል። የግድግዳው ጫፍ ሲሰምጥ ስንጥቁ ከላይ ይሰፋል፤ መሐሉ ሲሰምጥ ከታች ይሰፋል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ እንደ ደረጃ እየወረደ ይሄዳል። በበጋ ተከፍቶ በክረምት የሚገጥም ከሆነ ዋልካ ነው ብሎ መናገር አያስቸግርም። ዓመት ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ሌላ ነገር መፈለግ ነው። ስንጥቁ ላይ ጂፕሰም ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ርካሹ ምርመራ ነው። ጂፕሰሙ ከተሰበረ ቤቱ ገና እየሄደ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ልስን መድገም ገንዘብ መድፋት ነው።

ለመከላከሉ፣ ዋልካው ጥልቅ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ጥልቅ ከሆነ የተወሰነው ተቆርጦ በገረጋንቲ ይተካል፤ ሙሌቱ 20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር እየተረጨና እየተጠቀጠቀ ካልሄደ ግን ዋልካውን በሌላ ለስላሳ ነገር መለወጥ ብቻ ይሆናል። የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ይራቅ። ባህር ዛፍም ከቤት ሥር አይተከል፤ ውሃውን ስቦ አፈሩን ባንድ ወገን ብቻ ያደርቀዋል። ሮማውያንም ጠንካራ መሬት ባጡበት ቦታ የሚያደርጉት ነበራቸው። የግንባታ ጸሐፊያቸው ቪትሩቪዩስ እንደሚያዘው፣ በእሳት የተለበለበ የአልደር፣ የወይራ ወይም የኦክ ምሰሶ አጠጋግቶ ይቸነከራል፣ ክፍተቱ በከሰል ይሞላል፣ መሠረቱ ከዚያ በላይ ይነሳል።

እዚያው ኒቅያ ሌላ ጉድ ነበር። በእሳት የጠፋው የስፖርት አዳራሽ በትልቁ እየተሠራ ነው። የግድግዳው ውፍረት 22 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ነው። ሆኖም አንድ ባለሙያ ይህ ግድግዳ የሚጫንበትን አይሸከምም ይላል። ምክንያቱ ሆዱ በድንጋይና በኖራ አልተሞላም፣ በጡብም አልታሰረም። ፕሊኒዩስ በታማኝነት አንድ ነገር ይጨምራል፤ ይህን ያለው ሥራውን የጀመረው ባለሙያ ተፎካካሪ ነው። ሌላ ሰው የጀመረውን የተረከበ ሁሉ እንዲህ እንደሚል የማያውቅ ፎርማን የለም። ቢሆንም ያቀረበው ምክንያት ትክክል ነው።

ወፍራም ግድግዳ ሁለት ፊትና አንድ ሆድ አለው። ፊቶቹ ጥርብ ድንጋይ ሆነው ሆዱ ልቅ ከሆነ፣ ከላይ የሚመጣው ክብደት ሆዱን ጆንያ ውስጥ እንዳለ እህል ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ፊቱ ይነፋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ውፍረት መጨመር አይፈውሰውም፤ የጆንያው እህል ነው የሚበዛው። በዚያ አገር መፍትሔው በየተወሰነ ከፍታ ከፊት እስከ ጀርባ የሚያልፍ የጡብ ንብር ማስገባት ነበር። ጡቡ ሁለቱን ፊት ያስራል፣ ሥራውንም በውሃ ልክ ያስተካክላል። ኒቅያ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመው የከተማ ቅጥር ላይ ይህ የጡብ መስመር በዓይን ይታያል፤ ቅጥሩ ግን በኋላ ዘመን የተሠራ ነው።

ሌላው ችግር ኖራው ነው። ተራ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፣ ያም ከፊት ወደ ውስጥ በጣም ቀስ እያለ ይሄዳል። ስድስት ሜትር ተኩል የሆነ ግድግዳ መሐል አየር መቼ ይደርሳል? በጣሊያን ይህን የሚፈታው በኔፕልስ አጠገብ ከምትገኘው ከፖትሶሊ የሚወጣው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ አየር ሳይፈልግ፣ ውሃ ውስጥም ቢሆን ይጠነክራል። እርሱ በማይገኝበት አገር የሸክላ ስባሪ ተፈጭቶ ይገባ ነበር። የቪትሩቪዩስ ልክ ለመሬት አሸዋ 3 እጅ አሸዋ በ1 እጅ ኖራ ነው፤ ለወንዝ አሸዋ 2 በ1፣ በዚያ ላይ የተፈጨ ሸክላ አንድ ሦስተኛ ቢጨመር ይሻላል ይላል። የእሳተ ገሞራው አመድ ስም፣ ፖዞላና፣ ከፖትሶሊ የመጣ ነው፤ እዚህ ፒፒሲ (ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ) ብለን የምንገዛው ውስጥ ያለው ሁለተኛው "ፒ" እርሱ ነው። የኛ ፋብሪካዎች ከስምጥ ሸለቆው ፑሚስ የሚባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይፈጩበታል። ፒፒሲ ፖዞላና ከሌለበት ተራ ሲሚንቶ፣ ከኦፒሲ፣ ዘግይቶ ይጠነክራልና ውሃ ማጠጣቱን በሦስተኛው ቀን የሚያቆም ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ቢያንስ 10 ቀን ያስፈልገዋል።

ለድንጋይ አጥርም ያው ነው። በየዳር ሰፈሩ ክረምት ላይ የሚወድቀው አጥር አብዛኛው ሲፈርስ ሆዱ አፈርና ፍርክስካሽ ሆኖ ይገኛል። በየአንድ ካሬ ሜትሩ ከፊት እስከ ጀርባ የሚደርስ አንድ ረጅም ድንጋይ ማግባት፣ አፈር ከያዘም ከሥር የውሃ መውጫ ቀዳዳ መተው ወጪው ኢምንት ነው።

ትራያኑስ ስለ ቲያትሩ የመለሰው አጭር ነው፤ ቦታው ላይ ያለኸው አንተ ነህና አንተው ወስን። ባለሙያ ላክልኝ ለሚለውም፣ ጎበዝ ባለሙያ የሌለበት ክፍለ ሀገር የለም፣ እንዲያውም ወደ ሮም የሚመጡት ከግሪክ ነው ብሎ መልሶታል።

እዚያው ቢታንያ ያለችው የኒቆሜዲያ ከተማ የውሃ መስመር ከዚህ ይብሳል። በመጀመሪያው ሥራ 3,318,000 ሴስተርስ ወጥቶ ተተወ፣ ፈረሰም። ለሁለተኛው 200,000 ወጣ፣ እርሱም ተተወ። ፕሊኒዩስ ምንጩን ሄዶ አየ፤ ውሃው ጥሩ ነው። ውሃው በቅስት ተሸክሞ ይምጣ ይላል፤ አለዚያ ለከተማዋ ዝቅተኛ ሰፈሮች ብቻ ይደርሳል። ፓምፕ በሌለበት ዓለም መስመሩ መንገድ ላይ ያጣው ከፍታ ተመልሶ አይገኝም፤ የላይ ሰፈር ነዋሪ ሮቶውን እያየ የሚያዝነው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅስቶቹን ከቀድሞው ሥራ በተረፈ ጥርብ ድንጋይ፣ ቀሪውን በጡብ መሥራት እንደሚቻል ይጽፋል፤ ጡብ ይቀላል፣ ይረክሳልም። ትራያኑስ ፈቀደ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ በማን ጥፋት እንደጠፋም አጣራ ብሎ አዘዘ።

ሲኖፔ ላይ ግን ነገሩ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሄደ። ከተማዋ ውሃ የላትም፣ ምንጩ 16 የሮማ ማይል፣ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከምንጩ አጠገብ ከአንድ ማይል ትንሽ የሚበልጥ አጠራጣሪና ለስላሳ መሬት አለ። ፕሊኒዩስ ገና ድንጋይ ሳይነሳ፣ መሬቱ ሥራውን ይሸከም እንደሆነ በጥቂት ወጪ እንዲመረመር አዘዘ፣ ከዚያ ለንጉሠ ነገሥቱ ጻፈ። መልሱ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ መሬቱ ይችላል ወይ፣ ከተማዋስ ወጪውን ትችላለች ወይ።