ጠበቃ ማቆም ከፖሊስ ጣቢያ ይጀምራል

እኛ በምንኖርበት አካባቢ፣ ከአያት አልፎ ወደ ቦሌ አራብሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ አንድ ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ተያዘ ሲባል ቤተሰቡ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ስንቅ ተቋጥሮ ወደ ጣቢያ ይኬዳል፤ ዋስ የሚሆን ሰው ይፈለጋል፤ ከዚያም «እዚያ ጣቢያ የምታውቁት ሰው አለ ወይ?» እየተባለ ስልክ ይደወላል። ጠበቃ የሚታሰበው በመጨረሻ፣ ክሱ ተጽፎ ቀጠሮ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ሰው እየጎዳ ስለሆነ፣ ያየሁትንና ከሕግ አዋቂዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ለጎረቤቶቼም፣ ነገ ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ለሚችል ሰውም መጻፍ ፈለግሁ።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት የእህቴ ልጅ በሰው አካል ላይ ጉዳት በማድረስ ተጠርጥሮ በተያዘ ጊዜ ነው። ለግንባታ የመጣ አሸዋ በሰው በር ላይ ተራግፎ በተነሣው ጠብ አንድ ጎረቤት እጁ ላይ ተጎዳ፤ ልጁም በዚያው ምሽት ወደ ጣቢያ ተወሰደ። እህቴ ስንቅ ይዛ ስትደርስ ቃሉን ሰጥቶና ፈርሞ ጨርሶ ነበር። ክሱ ከነማስረጃው ሲደርሰን ያየነው ይህ ቃል ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም። ልጁ ተናገርሁ የሚለው «ሲመጣብኝ አካፋውን አነሣሁ» ብሎ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «በአካፋ ልመታው ተነሣሁ» ይላል። በሕግ ፊት ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ በአንጻሩ ቀላል የአካል ጉዳትን በሚመለከተው አንቀጽ 556 ሥር፣ ድርጊቱ ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ ከተፈጸመ ቅጣቱን ያከብዳል። ስለዚህ ያቺ አንዲት መስመር ልጁ ራሱን ሲከላከል ነበር ወይስ መሣሪያ ይዞ ለማጥቃት ተነሥቶ ነበር የሚለውን ጥያቄ ገና ከጅምሩ ወደ አንድ ወገን አዘነበለችው፤ ጠበቃችንም በኋላ አብዛኛውን ጉልበታቸውን ያፈሰሱት ያችን መስመር ለማስተባበል ሆነ።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርግ ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚናገረው ሁሉ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲገለጽለት፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓታት ውስጥ ችሎት ፊት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ጠበቃውን ወዲያውኑ ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል። (ብዙ ሰው መርማሪ ለጠየቀው አለመመለስ ራሱ ጥፋት ይመስለዋል፤ አይደለም።) እንግዲህ የተያዘው ሰው ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ «ቃሌን የምሰጠው ጠበቃዬን ካነጋገርሁ በኋላ ነው» ቢል ከሕግ ያፈነገጠ ነገር አላደረገም። ይህን በትሕትና፣ ድምፅ ሳያሰሙ መናገር ይቻላል። ሆኖም በዚያ ሰዓት ይህን የሚያስታውሰው ሰው አጠገቡ ከሌለ፣ በተለይ ወጣት ከሆነና ከፈራ፣ ቶሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ እየመሰለው የተሰጠውን ሁሉ ይፈርማል።

ጠበቃ በምርመራው ጊዜ የሚሠራው ሌላው ትልቅ ሥራ በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ላይ ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ብሎ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ይሁን እንጂ ቀጠሮው ሊደጋገም ይችላል። ተጠርጣሪው ብቻውን የቆመ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ «ዋስትና ይከበርልኝ» ከማለት አያልፍም። የእኛ ጠበቃ ያደረጉትን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው በተሰጠው ቀጠሮ ውስጥ የተሠራው ምን እንደሆነ፣ የቀረው ምስክር ስንት እንደሆነ፣ የሕክምና ማስረጃው ከሐኪም ቤት መጥቶ እንደሆነና ልጁ ቢለቀቅ የትኛውን ማስረጃ ሊያጠፋ እንደሚችል መርማሪው ለችሎቱ በዝርዝር እንዲያስረዱ አንድ በአንድ ጠየቁ። ለመጨረሻው ጥያቄ የተሰጠው መልስ አጥጋቢ ስላልነበረ ዋስትናው ተፈቀደ። ሕጉ ዋስትናን የሚከለክልባቸው ሁኔታዎች አሉት፤ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው ሊሞት ይችላል ተብሎ ሲታሰብ ማለት ነው። በመሆኑም ፖሊስ ጉዳዩን ከባድ ብሎ ይመዝግበው ወይስ ቀላል፣ የሐኪሙ ወረቀት ስለ ቁስሉ ምን ይላል የሚሉት ነገሮች ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጠበቃ ሊከታተላቸው የሚገቡ ናቸው። አንቀጽ 555 የሚጠቀስበት ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስቀጣ ሲችል፣ በአንቀጽ 556 መሠረታዊ ድንጋጌ የሚታየው ቀላል ጉዳት ግን ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ የሚያስቀጣ ነው።

ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ጠበቃችን ገና ሲያነጋግሩን መጀመሪያ የጠየቁት የጠቡን ምክንያት ሳይሆን «ነገሩ የተፈጸመው ከመንገዱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ብለው ነው። የወንጀል ጉዳይ የሚታየው በመሠረቱ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ነው። እኛ ጋ አዲስ አበባ የት አልቃ ለገጣፎ የት እንደምትጀምር ከነዋሪው ብዙው በእርግጠኝነት አያውቅም። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን፣ እዚያ የተፈጸመ ድርጊት የሚታየው በኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች፣ በአፋን ኦሮሞ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመከራከር የተሰጠ የጥብቅና ፈቃድ በክልል ፍርድ ቤት ያስቆማል ማለት አይደለም፤ ክልሉ የራሱን ፈቃድ ይሰጣል። ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈል በፊት የመዝገቡ ቦታ ተለይቶ መታወቅ፣ የጠበቃው ፈቃድም ለዚያ ፍርድ ቤት የሚያገለግልና የታደሰ መሆኑ መታየት አለበት። ችሎቱ የሚካሄደው ተከሳሹ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተረጋግጧል። ሆኖም አስተርጓሚ የጠበቃን ቦታ አይተካም፤ የችሎቱን ቋንቋ አጥርቶ የሚናገር ጠበቃ ማግኘት የተሻለ ነው።

ጠበቃው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ላይ ቤተሰብ ብዙ ይከራከራል። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ዐቃቤ ሕጉ የእኔ ሰው ነው» የሚል ሰው ጋ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ። እንዲህ የሚል ሰው እውነቱን ከሆነ ወንጀል ሊሠራባችሁ ነው፤ ካልሆነም እያታለላችሁ ነው። «ልጃችሁን በነጻ አስለቅቃለሁ» ብሎ ዋስትና የሚሰጥም እንዲሁ። ጥሩ ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን ከሚናገረው የሚጠይቀው ይበልጣል። ማን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ መብራት እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ቀደም ሲል ቂም ነበር ወይ የሚለውን፣ ከተጎጂው ወገን ምስክር ሊሆኑ የሚችሉት የት ቆመው እንደነበር ይጠይቃል። የቤተሰብ ውርስና የቤት ሽያጭ ክርክር ላይ ስሙ የተመሰከረለት ሰው የግድ በወንጀል ችሎት ጎበዝ ነው ማለት አይደለም፤ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የሌላውን ወገን ምስክር በጥያቄ መፈተን፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከተቻለ ከመቅጠራችሁ በፊት ልደታም ሆነ ሌላ ምድብ ችሎት ሄዳችሁ ሰውየው ሲከራከሩ አዳምጡ። ችሎት በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ማየት የሚከለክላችሁ የለም።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም፤ እንደ ጉዳዩ ክብደትና እንደ ጠበቃው ልምድ ይለያያልና። የምለው ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በውሉም ውስጥ ክፍያው የጊዜ ቀጠሮውን፣ የዋስትና ክርክሩን፣ ዋናውን ክርክርና ይግባኙን ያካትት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ ነው። ችሎት የሚቆሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው ወይስ ሌላ ሰው ይልካሉ የሚለውም ሊጠየቅ የሚገባ ነው፤ እኛ ይህን በመጠየቃችን ጠበቃው ቅር አልተሰኙም፤ እንዲያውም በራሳቸው እጅ ውሉ ላይ ጨመሩት። ለሚከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይወሰድ።

የሚከፍለው የሌለው ሰው ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ለጠበቃ የሚከፍለው አቅም ከሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህን የሚሠሩት ተከላካይ ጠበቆች ናቸው። ብዙ መዝገብ ይዘው የሚሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ቤተሰብ የምስክሮችን ስም፣ የሕክምና ወረቀትና ሌላውን ሰነድ በቅደም ተከተል አዘጋጅቶ ቢያቀርብላቸው ሥራቸው በእጅጉ ይቃለላል። ዋናው ነገር አቅም የሌለው ተከሳሽ የእምነት ክህደት ቃሉን (ክሱን አምናለሁ ወይም አላምንም የሚለውን መልስ) ከመስጠቱ በፊት «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፤ ይቁምልኝ» ብሎ ለችሎቱ በግልጽ ማመልከቱ ነው። ክሱን ሙሉ በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ በዚያው የጥፋተኝነት ፍርድ ሊሰጥ ስለሚችል፣ «ልመን፣ ይቅለልልኝ» የሚለው ሐሳብ ከጠበቃ ጋር ሳይመከርበት ችሎት ፊት ሊነገር አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ዕርቅ። በእኛ ሠፈር ሽማግሌ ሳይገባበት የሚቀር ጠብ የለም፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው «ታርቀናል» ከተባለ ክሱ በራሱ የሚቋረጥ ይመስለዋል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ቀላል ጉዳይ ከሆነ ተበዳዩ አቤቱታውን ማንሣት ይችላል። ከዚያ የከበደ ከሆነ ግን ክሱ የመንግሥት ነው፤ ዕርቁ ቅጣትን ለማቅለል ሊረዳ ይችላል እንጂ መዝገቡን አይዘጋውም። ሽማግሌዎች የተጎጂውን የሕክምና ወጪ አስከፍለው ሁለቱን ወገን ሲያስታርቁ «በድያለሁ» የሚል ቃል በወረቀት ላይ ማስፈር የተለመደ ነው። ይህ ወረቀት ክርክሩ ሳያልቅ በዐቃቤ ሕግ እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን ሽማግሌዎቹ አያስቡትም። እኛ ዘንድ ጋሼ የምንላቸው የሠፈሩ አዛውንት የዕርቁን ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ጠበቃችንን በስልክ አማከሩ፤ ጽሑፉም የሕክምና ወጪው መከፈሉንና ሁለቱ ቤተሰቦች ቂም እንዳይያዙ መስማማታቸውን ብቻ እንዲገልጽ ተደረገ። ዋናው ቅጂ በጠበቃው እጅ ተቀመጠ፤ መቼና ለየትኛው ችሎት እንደሚቀርብ የወሰኑትም እሳቸው ናቸው።